ኩኪሱ ይሳብ፣ ሩዙ ይኮርሸም፦ ከሳቢያን የተነሳ ክርክር

ጥያቄውን ኢንተርኔት ላይ ያነሳችው የድሬዳዋዋ ሳቢያን ሰፈር ልጅ ናት። የአጃ ኩኪስ መጋገር ጀምራለች። ከሊጡ ጋር ያችን በካርቶን የምትመጣ የፈካች የቁርስ ሩዝ ትቀላቅላለች። የምትፈልገው ግልጽ ነው፦ መሀሉ ለስለስ ብሎ ጥርስ ላይ የሚሳብ፣ በየንክሻው ደግሞ ኩርሽም የሚል ኩኪስ። የሚወጣላት ግን ሌላ ነው። ሊጡ ትሪው ላይ ቀልጦ እንደ ቂጣ ይዘረጋል፣ ሲቀዘቅዝ ድርቅ ይላል፣ ሩዙ ደግሞ በማግስቱ ረጥቦ ይገኛል። አሰራሩን ከአንድ የአሜሪካ ገጽ ወስዳ የተጻፈውን ሁሉ አንድ በአንድ ተከትላለች። ቅቤው በክፍል ሙቀት ይለስልስ የሚለውን ጭምር። ድሬዳዋ ውስጥ። በግንቦት።

ከ40 በላይ መልስ ተከተለ። ቁም ነገሩ በወሬው መሀል ተበታትኖ ስለቀረ በየቁጥሩ ላስቃኛችሁ። ስድብ ብቻ የጻፉትን ዘልያቸዋለሁ።

1ኛዋ መላሽ በምርቃት ነው የገባችው። እጇን ባረከችላት፣ ጤናዋን ጠየቀች፣ ከዚያ ቀስ ብላ ወደ ቅቤው ሄደች። አሜሪካኖቹ የክፍል ሙቀት ሲሉ 20 ዲግሪ አካባቢ እንደሆነ፣ የገበታ ቅቤ ደግሞ 30ን አለፍ ሲል መቅለጥ እንደሚጀምር አስረዳች። የድሬ ወጥ ቤት ከቀትር በኋላ ስንት እንደሚደርስ ለድሬ ልጅ አይነገርም። ምክሯ ሊጡ ተለውሶ ቢያንስ አንድ ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ እንዲቆይ ነው። ሊጡ ቀዝቅዞ ከገባ ስቡ ቶሎ አይቀልጥም፣ ኩኪሱም ሳይዘረጋ ጠርዙ ይይዛል። መጋገሩም በጠዋት ወይም ከመሸ በኋላ ይሁን ብላለች። እዚህ ላይ እኔም አብሬያት ነኝ። ከቀትር በኋላ ከተማው በሙሉ በር ዘግቶ ጋደም በሚልበት ሰዓት ኦቭን መለኮስ ለኩኪሱም ለጋጋሪዋም ግፍ ነው።

2ኛው ሰላምታ እንኳን ሳያቀርብ ሩዙ የት እንደሚገዛ ጠየቀ። 3ኛው ታይዋን ሂድ አለው፣ የድሬውን ገበያ ማለቱ ነው። ይህ ጥያቄ ክሩ እስኪያልቅ ድረስ ደጋግሞ ተነስቷል፣ መልሱም ያው ታይዋን ነው።

4ኛው ረዘም ያለ ነው፣ ጥሩም ነው። ጠያቂዋ ቡኒ ስኳር የሚለውን ከሸማቾች በገዛችው ስኳር እንደተካችው ከጽሑፏ ገብቶታል። የእኛ ስኳር ቢጫ ቢልም ቡኒ ስኳር አይደለም። ሞላሰሱ፣ ማለትም ጥቁሩ ወፍራም ሽሮፕ፣ ፋብሪካ ውስጥ ተለይቶ ወጥቷል፣ የቀረው ከቀለም ብዙም አያልፍም። እውነተኛው ቡኒ ስኳር ሲነካ እርጥብ የሚለው ሞላሰስ ስላለበት ነው። ሞላሰስ ውስጥ ያሉት ግሉኮስና ፍሩክቶስ ውሃን አጥብቀው ይይዛሉ፣ ኩኪሱም ከኦቭን ከወጣ በኋላ ለስላሳ ሆኖ ይቆያል። ተራው ስኳር ግን ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ይጠጥራል፣ ስለዚህ ኩኪሱን ያደርቀዋል። ቡኒ ስኳር ካልተገኘ ከስኳሩ ሲሶ ያህሉን ቀንሳ በሙቅ ውሃ የራሰ የተፈጨ ተምር ወይም ትንሽ ማር እንድትተካበት መከራት። ሁለቱም እነዚያኑ እርጥበት የሚይዙ ስኳሮች ስላሉባቸው ነው። ድሬ ላይ ተምር የሚያጣ ሰው ደግሞ የለም።

5ኛዋ አልተዋጠላትም። እህቷ ዘመኗን ሙሉ በሸማቾች ስኳር እየጋገረች ለስላሳ ኩኪስ እንደሚወጣላት፣ ሳይንስ ማብዛት ምን እንደሚሠራ ጠየቀች። ትንሽ ቆጣ ብላለች። ግን እህቷ እንቁላል ስንት እንደምታደርግ፣ ለስንት ደቂቃ እንደምትጋግር አልነገረችንም፤ ስለዚህ የሚያከራክር ነገር አልተገኘም።

6ኛው ከአዲስ አበባ ነው። ነገሩ ሁሉ የከፍታ ጉዳይ እንደሆነ፣ ቤኪንግ ሶዳውን በግማሽ መቀነስ፣ እሳቱንም መጨመር እንደሚያስፈልግ በልበ ሙሉነት ጻፈ። ለእሱ ከተማ ቢሆን ያስኬዳል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ ድሬ ግን 1,200 ሜትር ገደማ። ይህን ቆየት ብሎ 9ኛው አረመው፤ ኩኪስ ከኬክ ይልቅ በከፍታ ብዙም እንደማይጎዳ፣ ሶዳው ከተቀነሰ ደግሞ ኩኪሱ ሳይቀላ ገርጥቶ እንደሚቀር አከለበት። ሶዳ ሥራው ማነሳት ብቻ አይደለም። የሊጡን አሲድነት ስለሚቀንስ ቶሎ እንዲቀላ ያደርገዋል።

ከዚያ 7ኛው መጣ። ሰውየው የከዚራ ልጅ ነኝ ይላል፣ ሌላው የድሬ ሰፈር። አቦ ምንድን ነው ይሄ ሁሉ ወሬ ብሎ ነው የጀመረው፣ ያለፉትን መላሾችም በደፈናው አላወቃችሁም ብሎ ገላመጣቸው። ንግግሩን ትቼ ነገሩን ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ክሩ ውስጥ ጥያቄውን በትክክል የገባው እሱ ብቻ ነው። ጠያቂዋ የምትፈልጋቸው ሁለት ነገሮች ይጣላሉ። ኩኪሱ የሚሳበው ውሃ ስላለበት ነው። ሩዙ የሚኮረሸመው ውሃ ስለሌለበት ነው። ሁለቱ አንድ ላይ ከተቀመጡ ውሃው ካለበት ወደሌለበት ይሄዳል፣ እስኪስተካከሉ ድረስም አያቆምም። ኩኪሱን ለማለስለስ በተለፋ ቁጥር ሩዙ ቶሎ ይረጥባል ማለት ነው። በሌላ አነጋገር እስከ 6ኛው ድረስ የተሰጠው ምክር ሁሉ የጥያቄውን ግማሽ እያዳነ ግማሹን ይገድላል።

መፍትሔም አስቀምጧል። ሩዙ ከሊጡ ጋር ከመገናኘቱ በፊት ይለበስ። በትንሽ የቀለጠ ቅቤና ስኳር መጥበሻ ላይ ታሽቶ ወርቃማ እስኪል ይቆላ፣ ይቀዝቅዝ። ስቡና የቀለጠው ስኳር ውሃውን ያዘገዩታል። የቀለጠ ቸኮሌት ከተገኘ ደግሞ ይበልጣል። ከዚያ በመጨረሻ፣ አጃው ሁሉ ገብቶ ካለቀ በኋላ፣ በእንጨት ማንኪያ ሁለት ሦስቴ ብቻ ይገልበጥ። በሚክሰር ከተመታ ይደቅና ዱቄት ይሆናል። ከሩዙም ጥቂቱ ሊጡ ትሪ ላይ ከተደረደረ በኋላ ከላይ ይጫንበት፣ ከላይ ያለው ከውስጡ የበለጠ ደርቆ ይቆያል። ይህን ሁሉ ከጻፈ በኋላ ኩኪስ ቢስኩት እንዳልሆነና የማያውቅ እንዳይጋግር መክሮ ወጣ።

ከ8ኛው እስከ 12ኛው (9ኛውን ሳይጨምር) ስለ ሩዝ አይደለም፣ ስለ ሰውየው ምላስ ነው። አንዷ በጨዋ ደንብ ሰውን ማክበር ምንም እንደማያስከፍል አስታወሰችው። ሌላው የከዚራ ልጆች ከሰፈራቸው ዛፎች ጥላ ስር ስለማይወጡ ሙቀት ምን እንደሆነ እንደማያውቁ ተናገረ። ሌላው ደግሞ ከዚራን ተከላክሎ ሳቢያንን ነካ። የሰፈር ጨዋታ ነው፣ ክፋት የለበትም። ግን በዚህ መሀል 7ኛው የጻፈውን ማንም አላነበበም። አመል ያለው ሰው ትክክል ሲናገር ችግሩ ይህ ነው፤ ሰው ለአመሉ መልስ ሲሰጥ ነገሩ ያልፋል።

13ኛው ከሐረር ነው፣ ሊያሾፍ ነው የመጣው። እነሱ ጋ ሊጥ ለማቀዝቀዝ ፍሪጅ እንደማያስፈልግ፣ መስኮት መክፈት እንደሚበቃ ገለጸ። ሐረር ከ1,800 ሜትር በላይ ስለሆነች ምሽቷ ቀዝቃዛ ነው፣ ውሸት የለበትም። ለጠያቂዋም ሊጧን ይዛ የደንገጎን ዳገት ወጥታ እንድትመጣ ጋበዛት። 14ኛው ወዲያው መለሰለት፤ ሊጡ ሐረር ደርሶ የሚመለስ ከሆነ በመንገድ ላይ ጫት ጭኖ በሚበር መኪና ተንጦ ቅቤ ይወጣዋል አለው። ይህን ሳነብ ብቻዬን ሳቅኩ።

ከሐረር 15ኛዋም ገባች፣ እሷ ግን ቁም ነገረኛ ናት። እዚህ አገር እንደ ሐላዋና ሙሸበክ ያለ ጣፋጭ እያለ በካርቶን ሩዝ መጨነቅ ለምን እንዳስፈለገ ጠየቀች። ከዚያ ክሩ ጠፋ። እስከ 19ኛው ድረስ የማን ሐላዋ ይሻላል፣ ሙሸበክ የረመዳን ብቻ ነው ወይስ ሁልጊዜ ነው፣ ከሆጃ (ከቡና ቅጠሉ መጠጥ) ጋር ነው የሚበላው ወይስ ከሻይ ጋር የሚል ነው። 18ኛው ብቻ አንድ የሚጠቅም ነገር ጣል አድርጎ ሄደ፦ ሙሸበክ ከላይ ኮሽ ብሎ ውስጡ ሽሮፕ የሚይዘው ትኩስ ሆኖ ስለሚበላ ነው፣ በማግስቱ እሱም ይረጥባል። ሳያስበው የ7ኛውን ነገር ደገመው።

20ኛዋ ወደ ጉዳዩ መለሰችን። ጾም ላይ ናት፤ ያለ ቅቤና ያለ እንቁላል ይሆናል ወይ ብላ በትህትና ጠየቀች። የተሰጣት መልስ ከክሩ ሁሉ ደስ ይላል። 21ኛዋ ተልባ አለቻት። አንድ የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ በሦስት የሾርባ ማንኪያ ውሃ ተበጥብጦ ጥቂት ደቂቃ ሲቆይ ይዝለገለጋል፣ የአንድ እንቁላልን ቦታ ይይዛል። 22ኛው አውስትራሊያና ኒውዚላንድ ውስጥ አንዛክ የሚባል የአጃ ብስኩት እንዳለ ነገረን፤ ስሙ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ወታደሮች ጋር የተያያዘ ነው፣ እንቁላል የለበትም፣ የሚያያዘው በወፍራም የስኳር ሽሮፕ ነው። ቅቤ ግን አለበት፣ ስለዚህ በዘይት ይተካ። በዘይት ሲሆን ሊጡ ፍሪጅ ውስጥም ቢሆን እንደ ቅቤው ስለማይጠጥር ዱቄቱን ትንሽ ጨመር ማድረግ ይጠይቃል። ተምሩ እዚህ ላይ ሁለት ሥራ ይሠራል፤ ያጣፍጣል፣ ያያይዛልም። 21ኛዋ ሙስሊም ናት፣ የጾም ኩኪስ ለጎረቤቶቿ ስለምትጋግር ነው የምታውቀው። ድሬ ላይ ይህ ማንንም አይገርምም።

23ኛው ከጅቡቲ ጻፈ። ባሕሩ አጠገብ አየሩ ራሱ እርጥብ ስለሆነ ምንም ያህል ቢለበስ ሩዙ እዚያ አንድ ምሽት አይዘልቅም። ለድሬ ልጆች የአየራችሁን ድርቀት አመስግኑ አለ። ልክ ነው፣ ግን ደረቁ አየር ሩዙን ሲያተርፍ ኩኪሱን ያደርቃል። ስለዚህ ክዳኑ ጥብቅ ያለ ጣሳ። አንዳንዱ ሰው ኩኪስ እንዳይደርቅ ቁራሽ ዳቦ አብሮ ያስቀምጣል፤ ሩዝ ያለበት ኩኪስ ላይ ይህን ማድረግ ሩዙን በገዛ እጅ ማርጠብ ነው።

24ኛዋ የደረሰባትን ተረከች። ኩኪስ ልትሠራ ከቀፊራ ገበያ አጃ ገዝታ፣ አጥባ፣ አድርቃ፣ ከነፍሬው ሊጡ ውስጥ ጨመረችው። የባለቤቷ ጥርስ ተነቃነቀ ትላለች። 25ኛው እየሳቀ አስረዳት፤ የኩኪስ አጃ በእንፋሎት ተቀቅሎ በማሽን የተዳመጠው ጠፍጣፋው ነው። ግማሽ የበሰለ ስለሆነ በ10 ደቂቃ ይለሰልሳል፣ ጥሬው ፍሬ ግን አይደፍረውም። ለአጥሚት የተፈጨው ዱቄትም አይሆንም፣ ኩኪሱ ማኘክ የሚፈልገው በጠፍጣፋው ምክንያት ነው። ቶሎ የሚደርሰው ደቃቁ ኦትስ መሀል ላይ ነው፤ ይሠራል፣ ግን ማኘኩን ይቀንሳል። 26ኛዋ እናት ይመስሉኛል፣ ልጄ ልጄ እያሉ ነው የጻፉት። አጃ የአራስና የበሽተኛ እንደነበረ፣ ዛሬ ከስኳር ጋር ተጋግሮ ማየታቸው እንደገረማቸው ነገሩን። ማንም አልተከራከራቸውም።

27ኛው ያንን ተከትሎ አጃ ኮሌስትሮል ስለሚቀንስ ይህ ኩኪስ ጤና ነው አለ። 28ኛዋ ነርስ ነኝ አለች፣ እሷም አልማረችውም። አጃ ውስጥ ያለው ቤታ ግሉካን ለኮሌስትሮል ይጠቅማል፣ ይህ እውነት ነው፤ የሚባለው መጠን ግን በቀን 3 ግራም ነው። ለእሱ 75 ግራም ገደማ አጃ ያስፈልጋል። አንድ ኩኪስ ውስጥ 6 ግራም አጃ እንኳን የለም። ስለዚህ በቀን ከ12 በላይ ኩኪስ ከነቅቤውና ከነስኳሩ በልቶ ለኮሌስትሮሉ የሚመጣ ካለ ክሊኒክ ትጠብቀዋለች። ስኳር ያለበት ሰው ደግሞ አጃ የሚለውን ስም አይቶ እንዳይታለል አስጠነቀቀች። 27ኛው አልተመለሰም።

29ኛው ይህን የፈካ ሩዝ ከጣፋጭ ጋር መቀላቀል ዓረቦች ያመጡት ነው አለ። 30ኛው በቀን አረመው። ራይስ ክሪስፒስ የሚባለውን የፈካ የቁርስ ሩዝ የአሜሪካው ኬሎግ ድርጅት ገበያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1928 ነው። በ1939 ሚልድሬድ ዴይና ማሊታ ጄንሰን የተባሉ የድርጅቱ ሠራተኞች በቅቤና ማርሽማሎው በሚባል ለስላሳ ከረሜላ አጣብቀው በትሪ ቆረጡት፣ ያ አሰራር አሜሪካ ውስጥ የትም ደረሰ። ኩኪስ ውስጥ መጨመሩም የእነሱው የቤት ልማድ ነው። 29ኛው መልሶ ሁሉን ነገር አሜሪካ ሠራው የምትሉ እያለ ጀመረ፣ እኔ ደግሞ እዚያ ላይ ዘለልኩ።

31ኛዋ ካርቶኑ ላይ ያለውን ቀን እያያችሁ ግዙ አለች። 32ኛው ነጋዴውን ሁሉ ሌባ አደረገው፣ 33ኛው ነጋዴ ኖሮ ተናደደ፣ ጠንከር ያለ ቃል ተለዋወጡ። ከጠቡ የሚተርፈው ይህ ነው፦ ሙቀት ውስጥ የከረመ የቁርስ ሩዝ እርጥበት ስቦ ይለሰልሳል፣ እሱ ብቻ ከሆነ ሞቅ ባለ ኦቭን ውስጥ አምስት ደቂቃ ሲቆይ ይመለሳል። የቆየ ዘይት ከሸተተ ግን አይመለስም፣ ይጣል።

34ኛዋ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው የጠየቀችው፣ እኔ ግን ወርቅ ነው እላለሁ። ካፕ የሚለውን በምንድን ነው የለካሽው? ጠያቂዋ ተመልሳ መጣች፤ በሻይ ብርጭቆ። የአሜሪካ ካፕ 240 ሚሊ ሊትር አካባቢ ይይዛል፣ የእኛ የሻይ ብርጭቆ ከግማሹ ብዙም አይበልጥም። ሁሉም በአንድ ብርጭቆ ከተለካ ምጣኔው አይበላሽም ትሉ ይሆናል። እንቁላሉስ? እንቁላል በብርጭቆ አይለካም። ዱቄቱና አጃው በግማሽ ሲቀንስ እንቁላሉ አንድ ሆኖ ቀረ፣ በማንኪያ የተለካው ሶዳም እንዳለ። ሊጡ ቀጥኖ የተዘረጋው በሙቀቱ ብቻ አልነበረም።

35ኛው በዚህ ተበሳጭቶ በግራም ጻፈላት፦ የገበታ ቅቤ 115፣ ቡኒ ስኳር 100፣ ተራ ስኳር 50፣ አንድ እንቁላል፣ ፉርኖ ዱቄት 95፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ፣ ትንሽ ጨው፣ ጠፍጣፋ አጃ 135፣ የፈካ ሩዝ 30። ቫኒላ ካለ ጠብ ይደረግበታል። በ175 ዲግሪ ለ10 ደቂቃ፣ ቢበዛ 12። ጠርዙ ቀልቶ መሀሉ ገና ያልበሰለ ሲመስል ይውጣ፣ ትሪው ላይ አምስት ደቂቃ ሲቆይ ራሱን ያጠናቅቃል። መሀሉ እስኪቀላ የጠበቀ ሰው ደረቅ ኩኪስ ይበላል። ቅቤውን አቅልጦ መጠቀምም ይቻላል ብሏል፣ እንዲያውም የበለጠ ይሳባል፤ ሊጡ ፍሪጅ ማደር ግን የግድ ነው። 1ኛዋ ይህን አይታ ቅቤ ይቀልጣል እንዴ ብላ ትንሽ ቅር ተሰኘች። ሁለቱም ትክክል ናቸው። የቀለጠ ቅቤ አይጎዳም፣ ሳይቀዘቅዝ ኦቭን የገባ ሊጥ ነው የሚጎዳው።

36ኛው ከቁርስ ሩዝ ይልቅ ፈንዲሻ እንድትሞክር አመጣ፣ 37ኛዋ ሞክራዋለች፤ እርጥብ ሊጥ ሲነካው ሟሽሾ እንደ ላስቲክ ይሆናል። ቆሎ ያለም ነበር። ቆሎ አይረጥብም፣ ግን እሱ ኩርሽም አይደለም፣ ሌላ ነገር ነው።

38ኛዋ ራሷ ጠያቂዋ ናት። በግራሙ ለክታ፣ ሊጡን አሳድራ፣ በጠዋት ጋገረች። ኩኪሱ ቁመት ይዞ ወጣ፣ መሀሉም ይሳባል። ሩዙ ግን አሁንም በማግስቱ ለስልሷል፤ ለምን እንደሆነ አልገባትም። 39ኛው 7ኛውን ተመልሰሽ አንብቢ አላት። ሰውየው ራሱ 40ኛ ሆኖ መጥቶ ምንም ሳይሰድብ የአቆላሉን ዝርዝር ጻፈላት፤ ለ30 ግራም ሩዝ አንድ የሾርባ ማንኪያ ቅቤና አንድ የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ በቀስታ እሳት፣ ሳያቋርጡ እያማሰሉ። እሷም አመሰገነችው። ከሰፈር ልጅነት በላይ የሚያጣላ ነገር አልነበረም መሰለኝ።

41ኛው መብራት ሲጠፋስ አለ። 42ኛዋ ከሰል አለችው። ሰፊ ድስት ታች ላይ ጨው ወይም አሸዋ ይነጠፍበታል፣ ላዩ ላይ ትሪውን የሚያነሳ ትንሽ ጣሳ ይቀመጣል፣ ክዳኑ ተገጥሞ ሩብ ሰዓት ያህል ይሞቃል። ከዚያ ኩኪሱ ገብቶ እንደ ድፎ ክዳኑ ላይም ፍም ይደረግበታል። ፍሙ ከላይ ካልሆነ ታቹ ያርራል፣ ላዩ ይገረጣል። ትሪው ላይ የሚገባው ከአምስት ስድስት አይበልጥም፣ ቀሪው ሊጥ እስከዚያው ፍሪጅ ውስጥ ይጠብቅ፤ መብራት ቢጠፋም በሩ ካልተከፈተ ፍሪጁ ለጥቂት ሰዓት ቅዝቃዜውን ይይዛል።